ሞቋል የተባለው ብልቃጥ

የእትዬ ደም ዝነኛ ነበር። ሰው በመልኩ ይታወቃል፣ በምላሱ ይታወቃል፣ ጉልበተኛም በጉልበቱ፤ እሷ ግን የታወቀችው በደሟ ነው። በዚያ የምርምር ተቋም ከበር ጠባቂዋ ጀምሮ እስከ ዳይሬክተሩ ድረስ «የእትዬ ደም» ሲባል ግራ የሚገባው አልነበረም። ላብራቶሪው ውስጥ ባለው ፍሪዘር፣ ሦስተኛው መሳቢያ ላይ፣ በየዓመቱ የሰጠቻቸው ብልቃጦች ዓመታቸው ተጽፎባቸው በረድፍ ተቀምጠዋል። ሃያ ብልቃጥ። እነሱን ያየ ሰው አንድ ዕድሜ በረዶ ውስጥ ተቀምጦ ያየ ያህል ነው።

ሥራዋ አይጥ ማሳደግ ነው። አትሳቁ። አይጥ ማሳደግ ቀላል የሚመስለው አሳድጎ ለማያውቅ ነው። ለምርምር የሚሆኑ ነጫጭ አይጦች ናቸው፤ ሳጥናቸውን ታጥባለች፣ ሰጋቱራቸውን ትቀይራለች፣ ውሃቸውን ትሞላለች፣ የወለዱትን ካረገዙት፣ የታመሙትን ከተኙት ለይታ በየሳጥኑ ካርድ ላይ ትጽፋለች። ሦስት መቶ ሳጥን። ገና በሩን ስትከፍት ከጠረኑ ብቻ የትኛው መደርደሪያ ምን እንደጎደለበት ትናገራለች።

አይጥ ቤት የሚሠራ ሁሉ በዓመት አንዴ ደም ይሰጣል። የአይጥ ጠጉር፣ ምራቅና ሽንት ለብዙ ሰው አይስማማም፤ ሰውነት እንደ ጠላት ይቆጥረውና አንቲቦዲ ያወጣበታል። መጀመሪያ ያስነጥሳል። ቀጥሎ ደረት ይይዛል። የከፋ ዕለት አንዲት ጣት የማትሞላ አይጥ ነክሳ ሰው ትገድላለች። ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው፦ ከማስነጠስ ያለፈ ምልክት የታየበት ሰው በዚያው ቀን ከአይጥ ቤት ይወጣል፣ አይመለስም።

የእትዬ የአንቲቦዲ ቁጥር ከሁሉም ይበልጥ ነበር። በትንሹ አይደለም፣ በአሥር እጥፍ። ደግሞም ሃያ ዓመት ሙሉ ከጠዋት ማስነጠስ በቀር ምንም ነክቷት አያውቅም። ጋዋኗን ለብሳ፣ ማስኳን አጥልቃ፣ በሩን አልፋ ስትገባ ሦስት ጊዜ ታስነጥሳለች፤ አለቀ፣ ሥራ ተጀመረ ማለት ነው። ደሟ እንዲያ አንቲቦዲ የሞላበት በመሆኑ መለኪያ አደረጉት። የሌላው ሠራተኛ ደም የሚመዘነው ከእሷ ደም ጎን ተደርጎ ነው። ጥንቁቅነቱ ስላስመረራቸው «ሚዛኑ» የሚሉት የላብራቶሪ ባለሙያ «ሚዛን ያለ ድንጋይ፣ እኔ ያለ እትዬ ምን ልሠራ» ይል ነበር፤ ከእሱ አፍ ቀልድ ሲወጣ ያ ብቻ ነው።

ከእሷ ጋር አሥራ አንድ ዓመት የሠራ ረጅም ሰው ነበር። ቁጥሩ የእሷን ሲሶ ቀርቶ አሥራ ሁለተኛ እጅ አይሞላም። እሱ ግን አንድ ረፋድ ሳጥን ተሸክሞ እየሄደ ትንፋሽ አጠረውና ግድግዳውን ይዞ ቁጭ አለ፤ ከንፈሩ ጠቁሮ አውጥተውት ለጥቂት ተረፈ። አሁን ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ጋዋን ልታስረክብ ስትሄድ ሁልጊዜ የሚላት አንድ ነገር ነው፤ «እትዬ፣ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።»

«አንተን ወሰደህ፣ በእኔ ምን አገባህ» ትለዋለች፣ እየሳቀች።

ከዚህ በኋላ ቤቱ አንድ ትምህርት ያዘ፤ ቁጥር ለእትዬ አይሠራም። ማንም ጽፎ የለጠፈው ነገር አይደለም፤ ግን ሁሉም ያምንበት ነበር፤ ከሁሉም በላይ ያመነችው እሷ ናት።

ዶክተሯ የመጣችው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ምሳዋን ቆማ የምትበላ ሴት። ጥናቷ ይህንኑ የአለርጂ አንቲቦዲ ነበር፤ ለምን አንዱ ብዙ አንቲቦዲ ይዞ በሰላም ይኖራል፣ ሌላው በትንሹ ይሞታል የሚለውን። እትዬ አንድ ቀን ሰጋቱራ እየነሰነሰች፣ «ዶክተርዬ፣ እስቲ እንደ ሰው አስረጂኝ» አለቻት።

ዶክተሯ ባዶ ሳጥን ገልብጣ ተቀመጠችበት። «ሁለት ዓይነት ነው፣ እትዬ። አንደኛው ላላ አድርጎ ይይዛል፤ ይነካና ይለቃል። ሁለተኛው ከያዘ አይለቅም።»

«ስሙ ይለያያል?»

«አንድ ስም ነው። መልኩም አንድ ነው። የሚዛኑ ማሽንም አንድ ላይ ነው የሚቆጥራቸው። ልዩነቱ አያያዙ ላይ ነው።»

«ታዲያ ማነው የሚወስነው? እንዲሁ በዕድል ነው?»

«አዛዥ አለ። አንቲቦዲ የሚሠራው ሴል ብቻውን አይወስንም፤ ከጎኑ ሌላ የመከላከያ ሴል አለ። ረዳት ነው የምንለው፤ ረዳትነቱ ግን የአለቃ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ላላ አድርጎ የሚይዘውን ያሠራል፣ ወይ ዝም ይላል። አንዳንዴ ግን ሌላ ዓይነት ረዳት ይነሳና ‹አጥብቀህ ያዝ› ይላል። ከዚያ ወዲያ የሚሠራው ሁሉ ጥርስ ያለው ነው። ትንሽ ቢሆንም ይበቃል።»

እትዬ ትንሽ አሰበችና፣ «የእኔዎቹ እንግዲህ የሚጮኹ ውሾች ናቸዋ» አለች።

«እንደዚያ በያቸው።»

«የማይጮኸውን ነው መፍራት።» ይህን ያለችው ራሷ ናት። ልብ በሉ።

ነገሩን በዓይኗም አይታዋለች። ክፍሉ ውስጥ ሁለት መደርደሪያ ነበር። የግራዎቹ አይጦች ያ «አጥብቀህ ያዝ» የሚለው ሴል የሌላቸው ናቸው፤ የቀኞቹ ያላቸው። ሁለቱንም ዶክተሯ የእንቁላል ነጭ እንዳይስማማቸው አድርጋቸዋለች። የግራዎቹ ደም ውስጥ አንቲቦዲው ተትረፍርፏል፤ የቀኞቹ ትንሽ ነው። ከዚያ ለሁሉም አንዲት ጠብታ ይሰጣቸዋል። የግራዎቹ አፍንጫቸውን አከክ አከክ አድርገው ወደ ምግባቸው ይመለሳሉ። የቀኞቹ መጀመሪያ አፍንጫቸውን ያካሉ። ቀጥሎ ጆሮአቸውን። ከዚያ ጠጉራቸው ይቆማል። ከዚያ ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ቢነኳቸውም አይሄዱም። ከዚያ ይቀዘቅዛሉ። ቴርሞሜትር የምትይዘው እትዬ ነበረች፤ ሰዓቱን ትጠራለች፣ ዶክተሯ ትጽፋለች። አፍንጫ፣ ጆሮ፣ ጠጉር፣ ጥግ፣ ብርድ። ቅደም ተከተሉን እንደ ስልክ ቁጥሯ በቃሏ ታውቀዋለች። እያዘነች ነው የምትሠራው፤ አይጥ ነው ብላ የምትንቅ ሴት አይደለችም።

የቀኝ መደርደሪያ እናቶች ክፉዎች ነበሩ። ልጆቻቸውን የፕላስቲክ ጓንት የነካቸው እንደሆነ፣ ሽታው ስለማይጥማቸው ይበሉአቸዋል። ጠዋት አሥር የነበሩ ቡችሎች፣ የአይጥ ግልገል በዚያ ቤት እንዲያ ነው የሚባለው፣ ማታ ሁለት ሆነው ይገኛሉ። ዶክተሯ ጥናቷ ሊከሽፍ ደርሶ ነበር። መላውን ያመጣችው እትዬ ናት። ጓንቷን አወለቀች፤ ከጎጆው ሰጋቱራ እፍኝ አንስታ መዳፏን፣ ጣቶቿን፣ እስከ ክንዷ ድረስ አሸችው፤ የእናትየዋን ሽታ ለበሰች። ከዚያ ቡችሎቹን አንድ በአንድ አነሳቻቸው። እናትየዋ አሸተተቻት፣ ዝም አለች። በዚያ ሳምንት አንድም አልተበላ።

ዶክተሯ በሩ ላይ ቆማ አይታታለች። ደንቡ ጓንት ይላል። ቡችሎቹን ቆጠረች፤ ሙሉ ናቸው። «እኔ ምንም አላየሁም» ብላ ሄደች። ሦስት ዓመት ሙሉ ምንም አላየችም። እትዬም በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ባዶ እጇን ሽንትና ምራቅ በጠጣ ሰጋቱራ እያሸች ኖረች። እኔ ማንንም አልወቅስም፤ ሁለቱም ቡችሎቹን ነበር የሚያዩት።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ዝም ባለ ጠዋት ነው። ጋዋኗን ለበሰች፣ ገባች፣ ማስነጠሱን ጠበቀች። አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። ሚዛኑ በአገናኝ መተላለፊያው ሲያልፍ «ዛሬ ቀርተሽ መስሎኝ ነበር» አላት። ሳቀች፤ ግን ውስጧ አንድ ነገር ጭር አለ።

ከዚያ መዳፏን ይበላት ጀመር። ከዚያ አንዲት አይጥ በጥፍሯ ክንዷን ቧጠጠቻት፤ እንዲህ ያለ ጭረት በሕይወቷ ሺህ ጊዜ ተጭራለች። ይኸኛው ግን ምሳ ሰዓት ላይ የሎሚ ፍሬ አክሎ ተነሳ። ረጅም እጅጌ ለብሳ ወደ ቤቷ ሄደች።

ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ሥራ ከተወ ወዲህ አፉ እንጂ እጁ አይሠራም። «እኔ ልጅ አልወለድኩም፣ ሚስቴ ግን ሦስት መቶ ልጆች አሏት» ይላል ለጎረቤት። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ ኮርኒሱ ያረጀ ኮምፔንሳቶ ነው፤ በላዩ ላይ አይጦች ይሮጣሉ። የራሷ ነጮች አይደሉም፣ ያገሩ ሁሉ የሚያውቃቸው ግራጫዎች። ወጥመድ ላጥምድ፣ መርዝ ልበትን ሲል ስንት ጊዜ ለመናት። «ቀን ሳሳድግ ውዬ ማታ ልግደል?» ትለዋለች። «እነሱም ቢሆኑ ከመሥሪያ ቤት ሰላምታ ይዘው ነው የመጡት።» እሱም ይስቅና ይተወዋል።

ያን ዕለት ግን አልሳቀም። እጅጌዋን ሰብስባ ዕቃ ስታጥብ አያት።

«ክንድሽ ምን ሆነ?»

«ቧጠጠችኝ።»

«አይጥ ቧጥጣ እንዲህ ታሳብጣለች?»

«ያረጀ ቆዳ እኮ ነው፤ ሁሉም ነገር ይጮኽበታል።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ አንቺ ሴትዮ። ንገሪያቸው።»

«አንተ የጉልበትህን ሕመም ለማን ነግረህ ታውቃለህ? አሥር ዓመት በአንድ እግርህ ፍሬን እየረገጥክ አይደል የነዳኸው?»

ወንበሩን ጎትቶ ራዲዮኑን ከፈተ።

ፈርታ ነበር። ልብስ ማጠቢያውን ፈራች፤ ረጅሙ ሰው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ጋዋን ሲያጣጥፍ ታይቷታል። ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ከዚያ በር ውጪ እትዬ ማን ናት? አንዲት ጉልበቷ የደከመ ሴት። ከበሩ ውስጥ ግን ዶክተር የሚሰማት፣ ክፉ እናቶች እጇን አሽትተው የሚያምኗት ሰው ናት። ይህን ማጣት አልቻለችም። ስለዚህ ክንዷን ሸፈነች፣ መዳፏን በቀዝቃዛ ውሃ አጠበች፣ ዝም አለች። አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች የሚባለው ለአይጥ ብቻ የሚመስለው ሰው ይሳሳታል።

የደም መስጫው ቀን ደረሰ። እንደ ወትሮው ነርሷ ቀዳች፤ እንደ ወትሮው እትዬ ብልቃጧን ራሷ ወደ ላብራቶሪ ይዛ ሄደች፤ የሃያ አንድ ዓመት ልማዷ ነው። ግቢውን ስታቋርጥ በር ጠባቂዋ ጠራቻት። ልጇ መንታ ወልዳለች። ይህን የመሰለ ነገር ቆሞ ካልተሰማ መቼ ይሰማል? ፀሐይ ላይ ቆሙ፣ ስለ መንትዮቹ ተሳሳቁ፣ ብልቃጡ በእትዬ እጅ ነው። ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው።

በሦስተኛው ቀን ሚዛኑ ፊቱን አጨማዶ አይጥ ቤቱ በር ላይ መጣ። ዶክተሯም አብራው ነበረች።

«እትዬ፣ ብልቃጡን ስታመጪ የሆነ ቦታ ቆመሽ ነበር?»

«ምነው?»

«ቁጥርሽ በግማሽ ወርዷል። ይህ አንድ። ሁለተኛው ደግሞ፣ ዶክተሯ ባመጣችው አዲስ ምርመራ፣ አያያዙን በሚለካው፣ ያምናው ደምሽ እዚህ ጋ ነው» አለና እጁን ወገቡ ላይ አደረገ፤ «የዘንድሮው እዚህ ጋ።» እጁን ከራሱ በላይ አነሳ። «መለኪያዬ ራሱ እንዲህ ሊዘል አይችልም። ሃያ ዓመት ያልተነቃነቀ ነገር ነው። ሞቋል፣ ተበላሽቷል።»

«ፀሐይ ላይ ቆሜ ነበር» አለች እትዬ። «ሩብ ሰዓት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሚዛኑ እፎይ አለ። ስህተት ሲገኝ እንደሱ የሚደሰት ሰው የለም። ብልቃጡ ላይ በቀይ «ሞቋል» ብሎ ጻፈበትና ፍሪዘሩ ግርጌ ከሚጣሉት ጋር ወረወረው፤ የአምናውን አውጥቶ ሥራውን ቀጠለ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው፤ ያ ብልቃጥ ምን አጠፋ? በዚያ ቤት ውስጥ እውነቱን የተናገረ እሱ ብቻ ነበር።

ዶክተሯ ግን ወደ እትዬ ዞረች። «ለማንኛውም ሌላ ስጪን፣ እትዬ። ነገ።»

«እሰጣለሁ» አለች። በማግስቱ አልሰጠችም። የቀኝ መደርደሪያ እናቶች ሊወልዱ ነው አለች። በሳምንቱ ደግሞ ጉንፋን ያዘኝ አለች። ለባሏ «ቁጥሬ በግማሽ ወረደ» ብላ ነገረችው፤ «እሰይ፣ አሁን ገና ሰው ልትሆኚ ነው» ብሎ ደስ አለው። እሷም አብራው ልትደሰት ሞከረች። ግን ዶክተሯ ያን ዕለት ሳጥን ላይ ተቀምጣ ያለችው ይመጣባታል፤ ትንሽ ቢሆንም ይበቃል። እትዬ ሞኝ አልነበረችም። ከሚዛኑ በፊት፣ ከዶክተሯም በፊት አውቃለች። አውቃ ነው ያላወቀችው።

ሦስተኛው ሳምንት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል። «ክፉዋ» የምትላት እናት ወልዳለች፤ ዘጠኝ ቡችላ፣ ሮዝ ሮዝ፣ ዓይናቸው ያልተገለጠ። ሳጥኑ መቀየር ነበረበት። እትዬ ጓንቷን አወለቀች፣ እፍኝ ሰጋቱራ አነሳች፣ መዳፏን አሸች። መዳፏ እንደ በርበሬ አቃጠላት። ችላ አለችው። ስምንቱን አዛወረች። ዘጠነኛውን ስታነሳ ክፉዋ ዘላ አውራ ጣቷ ሥር ነከሰቻት።

ንክሻ አዲስ ነገር አይደለም። ቡችላውን አስቀመጠች። እናትየዋን የጭራዋን ሥር ይዛ መለሰቻት። ክዳኑን ገጠመች፣ ውሃውን ሰካች። ክፍት ሳጥን ትቶ መሄድ የማይታሰብ ነው፤ እጇ ከእሷ ፈቃድ ውጪ ነው የሠራው። ከዚያ አፍንጫዋን በላት።

በክርኗ አከከችው። ጆሮዎቿ ነደዱ። ሁለቱም፣ በአንድ ጊዜ። የክንዷን ጠጉር አየች፤ ቆሟል።

ከኪሷ እስክሪብቶ አወጣች። እንግዲህ ሌላ ሰው ቢሆን ይጮኻል፣ ይሮጣል። እሷ የሳጥኑን ካርድ መዘዘችና የግድግዳውን ሰዓት አይታ ጻፈች፦ 4፡31 ንክሻ። 4፡33 አፍንጫ። 4፡34 ጆሮ። 4፡35 ጠጉር። ከዚያ ቀና ስትል ሰውነቷ ቀዝቅዟት ነበር፤ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጣለች፣ ጀርባዋ ሁለቱ ግድግዳዎች የሚገናኙበት ላይ። መቼ እንደተቀመጠች አላወቀችም።

ጥግ ይዛለች።

ያኔ ነው እውነተኛው ፍርሃት የመጣው። ቴርሞሜትር ይዛ በነዚያ ላይ ጎንበስ ስትል ስንቱን አይታለች፤ ጥግ የያዘ ራሱ ተነስቶ አያውቅም። ተነሺ አለች ለራሷ። እግሯ አልሰማም። ተነሺ፣ አንቺ። መደርደሪያውን ይዛ ተነሳች። የአይጥ ቤቱ በር ድርብ ነው፤ የውስጡ ካልተዘጋ የውጪው አይከፈትም፣ በሁለቱ መካከል አሥር ሰከንድ ይጠበቃል። ያን አሥር ሰከንድ ግንባሯን ብረቱ ላይ አስደግፋ ቆጠረችው። ስድስት ላይ ጉሮሮዋ ጠበበ። ስምንት ላይ የምታየው ነገር ሁሉ ከዳር ከዳር ጠቆረ።

በሩ ሲከፈት ሚዛኑ ብልቃጦች ይዞ ያልፍ ነበር። ካርዱን ዘረጋችለት። አፏ አልታዘዝ ብሏት ድምፅዋ እንደ ሹክሹክታ ወጣ።

«የቀኝ መደርደሪያ ነኝ» አለችው።

ብልቃጦቹ ከእጁ ወደቁ። እሱ፣ በሕይወቱ አንድ ጠብታ ያላፈሰሰ ሰው፣ በስብርባሪው ላይ እየረገጠ ዶክተሯን እየተጣራ ሮጠ። ዶክተሯ የአድሬናሊን መርፌውን በጋዋኗ ላይ ጭኗ ውስጥ ስትወጋት 4፡41 ነበር። ይህንንም ካርዱ ላይ የጻፈው ሰው አለ፤ የማን እጅ ጽሑፍ እንደሆነ አልታወቀም።

ሆስፒታል ሁለት ቀን ተኛች። በሁለተኛው ቀን ሁለቱም መጡ። ሚዛኑ የአልጋውን እግር እንጂ እሷን አያይም።

«ፍሪዘሩ ግርጌ ገና ካልተወሰዱት ውስጥ ፈልጌ አገኘሁት» አለ። «ደግሜ ለካሁት። ሦስቴ። አልሞቀም ነበር፣ እትዬ። ትክክል ነበር። እኔ ነኝ የሞቀው።»

«ተው እንጂ» አለችው። «እኔም ጠርጥሬ ነበር። እያወቅኩ ነው የዋሸሁህ።»

ዶክተሯ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ዓይኗ ቀልቷል። «ጓንቱን ማስለበስ ነበረብኝ። አይቻለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ አይቻለሁ።» ከዚያ ሥራዋ ስለሆነ ማስረዳቱን ጀመረች። አዛዡ ሴል ትዕዛዝ ለውጧል። ላላ አድርገው የሚይዙት ቀንሰዋል፣ በምትካቸው ጥርስ ያላቸው መጥተዋል። ለምን በሃያ አንደኛው ዓመት? አይታወቅም። ይመለሳል? አይታወቅም። «አንዴ የተማሩ ሴሎች አሉ፤ ቶሎ አይሞቱም፣ አይረሱምም። ከእንግዲህ አይጥ ያለበት አትገቢም። ነጭ ቢሆን ግራጫ፣ ለሰውነትሽ ያው ነው። ንክሻ ብቻ አይምሰልሽ፤ ሽንቱ የነካው አቧራም ቢሆን።» ሁለት የአድሬናሊን መርፌ በከረጢት ሰጠቻት። አፍንጫሽን እንደበላሽ ውጊ፣ ጆሮ እስኪደርስ አትጠብቂ አለቻት። ከዚያ ልትነሳ ስትል፣ «ቤትሽስ? ቤትሽ አይጥ የለም አይደል?»

«የለም» አለች እትዬ።

ለምን እንዲያ እንዳለች ራሷም አታውቅም። መደበቅ ለምዶባታል። አለ ብትል ወደ ቤቷም እንዳትገባ የሚከለክሏት መሰላት፤ አንዱን በር ዘግተውባታል፣ ይኼኛውንስ? ለባሏ ዛሬውኑ እነግረዋለሁ፣ ኮርኒሱን ያፈርሰዋል ብላ አሰበች። ግን ባሏ ከሆስፒታል ይዟት ቤት ሲደርሱ ደስታው ቅጥ አጥቶ ነበር። አንሶላውን ቀይሯል፣ ግቢውን ጠርጓል። «አሁን ገና ቤትሽ ገባሽ» እያለ ዙሪያዋን ይዞራል። «ደግሞ ያልሽኝን አልረሳሁም። አንቺ ሆስፒታል ሳለሽ ጎረቤት መርዝ ሊሰጠኝ ነበር፤ ሚስቴ አትግደል ብላኛለች ብዬ መለስኩት።»

ፊቱን አይታ ልትነግረው አልቻለችም። ነገ አለች።

ሁለት ቀን እንዲህ ነገ እያለች አለፈ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጋደም አለች። ባሏ ውጪ ራዲዮኑን ከፍቶ አሮጌ ወንበር ይጠግናል። መስኮቱ ክፍት ነው፣ ፀሐዩ አልጋው ድረስ ገብቷል። ከላይ ጥፍር ተሰማት። ከግድግዳው ጀምሮ ኮርኒሱን አቋርጦ መጣ፣ ልክ ከራሷ በላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ማኘክ ጀመረ። እንጨቱ እየተከካ፣ ስስ አቧራ በፀሐዩ ውስጥ ቀስ ብሎ ወረደና ትራሷ ላይ፣ ጉንጯ ላይ፣ ከንፈሯ ላይ አረፈ።

ሳትንቀሳቀስ ጠበቀች። ምናልባት ምንም አይሆን ይሆናል።

አፍንጫዋን በላት።

ጆሮዋ እስኪደርስ አልጠበቀችም። መርፌውን ከከረጢቱ አውጥታ ጭኗን ወጋች፤ ባሏንም ጠራችው፤ ራዲዮኑ ስለጮኸ ግን ደግማ መጥራት ነበረባት።